የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካልነፉበት የማይነሳ መኪና

ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኢንተርሎክ ይጠይቃሉ። ላልሰማ አንባቢ፦ ኢንተርሎክ በመኪናው ቁልፍና ሞተሩን በሚያስነሳው ሞተሪኖ መካከል የሚገባ የትንፋሽ መመርመሪያ ነው። ሹፌሩ ካልነፋበት፣ ወይም ትንፋሹ ከተወሰነው መጠን በላይ አልኮል ከያዘ ሞተሩ አይነሳም። የሚከተሉት መልሶች ማንም ሳያስገድዳቸው በራሳቸው ፈቃድ ሊያስገጥሙ ለሚያስቡ ባለንብረቶች፣ ሹፌሮችና ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ መስመር የሚሠሩ ሦስት አይሱዙና አንድ ተሳቢ አሉኝ። ከሹፌሮቼ አንዱ ጠጥቶ ሲነዳ ሁለት ጊዜ ተይዟል። ሳይጠጣ ከሱ የተሻለ ሹፌር የለኝም፤ ላሰናብተው አልፈልግም። ይህ መሣሪያ በእርግጥ ይሠራል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ መኪናው ላይ እስካለ ድረስ ይሠራል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 15 ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ መሣሪያው የተገጠመላቸው ጥፋተኞች ዳግም ጠጥተው የመያዛቸው መጠን ካልተገጠመላቸው ጋር ሲነጻጸር በመካከለኛ ግምት በ67 በመቶ ቀንሷል። ያው ግምገማ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ መሣሪያው ሲነቀል ልዩነቱ ይጠፋል፣ ሰዎቹም ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። ስለዚህ የሚገዙት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ምን እንደሚሠሩ ካላሰቡበት፣ መሣሪያው ሲነቀል ያው ችግር ይጠብቅዎታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ፍርድ ቤቶች እንዲያዙበት እ.ኤ.አ. በ1986 ሕግ ያወጣች ሲሆን ዛሬ በሁሉም ግዛቶች በአንድ ወይም በሌላ መልክ ሕግ አለ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1999 በሙከራ ጀምራ በ2012 ቋሚ አድርጋዋለች። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶች እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ይህ የመጨረሻው ለእርስዎ ይቀርባል፤ ማንም ጥፋተኛ ሳይባል የሥራው ደንብ ሆኖ የገባ ነውና። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ለአንዱ ሹፌር ብቻ ካስገጠሙ ውርደት ይሆንበታል፤ መኪና ሲቀያየሩም ትርጉሙ ይጠፋል። በአራቱም ላይ ያስገጥሙት።

ሲገዙ ሻጩን አራት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አነፍናፊው የፊውል ሴል ዓይነት ነው ወይ? በፕላቲነም ላይ አልኮሉን አቃጥሎ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ የሚለካው ማለት ነው። ርካሹ የሴሚኮንዳክተር ዓይነት በሲጋራ ጭስና በቤንዚን ሽታም ይታለላል። ሁለተኛ፣ 24 ቮልት ይቀበላል ወይ? ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረባቸው የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ለቤት መኪና የተሠራው 12 ቮልት መሣሪያ ይቃጠላል። ሦስተኛ፣ ኢኤን 50436 የሚባለውን የአውሮፓ ደረጃ ያሟላል ወይ? አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ መለኪያው በየጊዜው የሚስተካከለው የት ነው? ብዙዎቹ በየ30 እስከ 60 ቀን መስተካከል አለባቸው፤ ረዘም ያለ ጊዜ የሚቆዩም አሉ። ጊዜው ካለፈ መሣሪያው ራሱ ቆጥሮ መኪናውን ይቆልፋል፤ ሚሌ ላይ ጭነት እንደተጫነ ማለት ነው። አነፍናፊውን ነቅሎ ልኮ በተስተካከለ መለዋወጫ የሚተካ ሻጭ ካገኙ እሱን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። አንድ ደንበኛ ይህንን መሣሪያ አምጥቶ ግጠምልኝ ብሎኛል፤ መመሪያው በማላነበው ቋንቋ ነው። ገመዶቹ የት የት ይገባሉ? — ከኮምቦልቻ፣ ጋራዥ

መልስ፦ የገመዶቹ ቀለም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ውኃ ከማይደርስበትና ከማሞቂያው ቱቦ ራቅ ካለ ቦታ ይሰሩት።

ቋሚውን ፖዚቲቭ ከባትሪው በራሱ ፊውዝ ያምጡት፤ ከሬዲዮ ወይም ከመብራት መስመር አይቀጥሉት። ኔጌቲቩን ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ የሻንሲ ብረት ላይ ይሰሩት። ሦስተኛው ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኘው ገመድ ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሬዲዮ ኃይል የሚሰጠው መስመር ቁልፉ ወደ ማስነሻ ሲዞር ለጊዜው ይቋረጣል። ከዚያ ከቀጠሉት ሹፌሩ ነፍቶ ካለፈ በኋላ ቁልፉን ሲያዞር መሣሪያው ይጠፋና እንደገና ንፋ ይላል። በሜትር ይለኩ፤ ቁልፉ ሲከፈትም ሞተሪኖው ሲዞርም ኃይል የማይቋረጥበትን መስመር ነው የሚፈልጉት።

አራተኛው ዋናው ነው። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) የምትሄደውን ቀጭን ገመድ ፈልገው ያግኙ፤ ቮልት የሚታይባት ቁልፉ ወደ ማስነሻ ሲዞር ብቻ ነው። እሷን ቆርጠው ሁለቱን ጫፎች በመሣሪያው ሪሌ በኩል ያሳልፉ። በትልልቅ መኪኖች ሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ ብዙ አምፔር ስለሚስብ በቀጥታ የእሱን ገመድ አይቁረጡ፤ የመሣሪያው ትንሽ ሪሌ ነጥቦቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። ከተጣበቁ ደግሞ መኪናው ሳይነፋበትም ይነሳል፤ ማንም አያውቅም።

አምስተኛው ሞተሩ እየሠራ መሆኑን የሚነግረው ሲሆን ከዲናሞው ምልክት ይወሰዳል። ይህ ካልታሰረ መሣሪያው ግማሽ ዓይነ ስውር ነው፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሹፌሩ እንደገና እንዲነፋ የሚጠየቅበትን ዳግም ምርመራ አይጠይቅም፣ መኪናው በሌላ መንገድ መነሳቱንም አይመዘግብም። ዳግም ምርመራው ሲወድቅ ክላክስ የሚያሰማና ፍሬቻ የሚያበራ ስድስተኛ ገመድም ካለው በተለየ ሪሌ ያሳልፉት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ደንበኛው “ጠጥቶ ከተገኘ ሞተሩ እዚያው ይጥፋ፤ የነዳጅ መዝጊያው ላይ እሰርልኝ” ቢልዎት እምቢ ይበሉ። ተሳቢ ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን እየወረደ ያለ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ መዞሩን ቢያቆም ኮምፕረሰሩ ለፍሬኑ አየር ማምረት ያቆማል፣ መሪው ይከብዳል፣ የሞተር ፍሬኑም ይጠፋል። ኢንተርሎክ መነሳትን ብቻ ነው የሚከለክለው። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

መጋጠሚያዎቹን በሶልደር ብየዳ ያያይዙ፤ በሙቀት በሚጨማደድ ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ በላዩ ተነሥቶ መመለስ የማይችል ማኅተም ይለጥፉ። በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ሰው ከፍቶ ይሁን መንቀጥቀጥ አላቅቆት እንደሆነ በኋላ አይለይም። ባትሪውንም አይርሱ። መሣሪያው መኪናው ቆሞም ትንሽ ይስባል። ለምሳሌ 30 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 0.72፣ በሃያ ቀን 14.4 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ጤነኛ ባትሪ ይችለዋል፤ ያረጀ ግን በደሴ ብርድ ጠዋት ሞተሩን ሊያዞር አይችልም፤ ጥፋቱም “ያ ያስገጠምከው ዕቃ ነው” ተብሎ ወደ እርስዎ ይመጣል። አስቀድመው ባትሪውን ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስድስት ቢራ ጠጥቼ ተኛሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፊቴን ታጥቤ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ምንም ሳይሰማኝ ብነፋ መሣሪያው እምቢ አለኝ። ተበላሽቷል መሰለኝ። — ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ አልተበላሸም። አብረን እናስላ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ ስድስቱ 78 ግራም። ክብደትዎ 70 ኪሎ ነው እንበል። በወንድ ሰውነት አልኮሉ የሚሠራጭበት ድርሻ ከክብደቱ 0.68 ያህል ስለሆነ 78ን ለ47.6 (70 በ0.68 ሲባዛ) ስናካፍል በሊትር ደም 1.64 ግራም ይመጣል። ጉበት በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም በሊትር ያወጣል። መጠጣት ከጀመሩበት 9 ሰዓት አልፏል፤ ስለዚህ 1.35 ወጥቶ 0.29 ቀርቷል። እነዚህ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚስተካከሉት በሊትር ደም 0.2 ግራም፣ በትንፋሽ ሲለካ ደግሞ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ላይ ነው። እርስዎ ከዚህ ልክ በላይ ነዎት።

ከአርባ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እሺ ይልዎታል፤ ጉበትዎ የአማካዩ ሰው ከሆነ። በሰዓት 0.10 ብቻ የሚያወጣ ሰው ከሆኑ ግን በዚያ ሰዓት 0.74 ላይ ነዎት፤ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መንዳት የለብዎትም። ቡናው ያነቃል እንጂ አልኮሉን አያወጣም። ሻወሩም፣ ትኩስ ሾርባውም እንደዚያው።

ሌላ መጠጥ ከሆነ ልኩን እንዲህ ያስቡት፦ 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ፣ 40 በመቶ የሆነ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር እኩል ነው። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ፣ 10 በመቶ የሆነ ጠጅ 20 ግራም ያህል አለው፤ አንድ ቢራ ተኩል ማለት ነው። የቤት ጠጅና ጠላ ግን ከጋን ጋን ስለሚለያይ ስሌት አይመሠረትበትም። በማግስቱ ጠዋት ተራ ያለው ሹፌር ከምሽቱ ጀምሮ ባይጠጣ ይሻለዋል፤ ከጠጣም ተራውን ያስቀይር።

ጥያቄ፦ አልኮል ቀምሼ አላውቅም። ጠዋት ትኩስ ዳቦ በልቼ ብነፋ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ አሳየኝ። አለቃዬ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። በጾም ጊዜስ ባዶ ሆዴን ብነፋ? — ከደሴ

መልስ፦ በእርሾ የተቦካ ትኩስ ዳቦ፣ የቆየ ብርዝ፣ የሳል ሽሮፕ፣ አፍ መጉመጥመጫ፣ እጅ ላይ ያልደረቀ ሳኒታይዘር፣ ሁሉም ለደቂቃዎች አፍ ውስጥ ወይም አጠገብ አልኮል ይተዋሉ። ይህ ከሳንባ የመጣ አይደለም፤ ቶሎ ይጠፋል። አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው 15 ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይንፉ። ዜሮ ይሆናል፤ የጠጣ ሰው ግን በ15 ደቂቃ ዜሮ አይሆንም። ለአለቃዎ ማስረጃው ይኸው የሁለተኛው ንፋት ውጤት ነው፤ ስለዚህ ተናድደው ጥለው አይሂዱ። ብርዝ ግን ውሎ ካደረ እየቦካ ጠጅ ወደ መሆን ይሄዳል፤ “ብርዝ ነው” ተብሎ የቀረበ ሁሉ ብርዝ አይደለም።

ጾም ችግር የለውም። ረጅም ሰዓት ያልበላ ሰው ትንፋሽ ላይ የሚወጣው አሴቶን ነው፤ የፊውል ሴል አነፍናፊ አሴቶንን አይቆጥርም። ሲጋራ ግን አጭሰው ወዲያው አይንፉ፤ ጭሱ አነፍናፊውን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ኮምቦልቻ ሲስተካከል ልክ ነበር ተባልን። ደሴ ካመጣነው በኋላ ሹፌሮቹ በትንሹም እምቢ ይለናል ይላሉ። ከፍታው ይሆን? — ከደሴ፣ የትራንስፖርት ኃላፊ

መልስ፦ ከፍታው ሹፌሮቹን አይነካም። ከሳንባ የሚወጣው አልኮል የሚወሰነው በደሙ መጠንና በሰውነት ሙቀት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 0.1 የነፋ ሰው ደሴም 0.1 ነው። ከፍታ የሚነካው ማስተካከያውን ነው።

ማስተካከል የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አልኮል የተቀላቀለበትን ውኃ በ34 ዲግሪ አሙቆ እንፋሎቱን መንፋት ነው፤ ይህ ከፍታ አይለውጠውም። ሁለተኛው ከሲሊንደር የሚለቀቅ ደረቅ ጋዝ ነው። በሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ወለል ግፊት የሚሠራ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ያህል፣ ደሴ ላይ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከሲሊንደሩ በአንድ ሊትር የሚወጣው አልኮልም በዚያው መጠን ያንሳል። ባለሙያው ግፊቱን ሳያስገባ “ይህ 0.1 ነው” ብሎ መሣሪያውን ካስተማረው፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ የሰውን ትንፋሽ አጋንኖ ያነባል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከተደረገ በሩብ ገደማ፣ ደሴ ላይ ከተደረገ በሲሶ። 0.08 የነፋው ሰው 0.1 ሆኖ ይታያል ማለት ነው። የመጨረሻውን ማስተካከያ ወረቀት አውጥተው የግፊት ወይም የከፍታ ቁጥር የተጻፈበት መሆኑን ይመልከቱ። ባዶ ከሆነ መልሰው ያሠሩት፤ እስከዚያ ድረስ ለጥቂት በተቆለፈባቸው ሹፌሮች ላይ ቅጣት አይወስኑ።

የደሴ ጠዋት ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። አነፍናፊው እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ተቸኩሎ በተደጋጋሚ ቢጫነው አይፈጥንም።

ጥያቄ፦ ሰዎች ሲያወሩ፣ ረዳቱ ቢነፋለት ወይም መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ በማርሽ ቢያስነሳው መሣሪያው ምንም አያደርግም ይባላል። እውነት ነው? — ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ደሴ ውስጥ ቁልቁለት መቼ ይጠፋል! እውነት ነው፤ መኪናው ይነሳል። ሞተሪኖውን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳትም ይቻላል። መሣሪያው የሚያደርገው መመዝገብ ነው፤ ከዲናሞው ምልክት “ሳይነፋ ሞተር ሠርቷል” ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። የባትሪ ገመዱ ቢፈታም ያንን ይጽፋል። ለዚህ ነው መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከሌለ መሣሪያው ጌጥ ነው የምንለው።

ረዳቱን በተመለከተ፣ ሞተሩ ከተነሳ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚያም በማይታወቅ ሰዓት ዳግም ንፋ ይላል። ሹፌሩ ዳር ይዞ ለመቆም ጥቂት ደቂቃ አለው፤ እየነዳ መንፋት የለበትም፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ፈጽሞ። አልነፋም ወይም ወደቀ ማለት ክላክስና ፍሬቻ ይጀምራል፣ መዝገቡም ይይዘዋል። ሁልጊዜ ረዳት አብሮ የሚሄድበት ተሳቢ ከሆነ ካሜራ ያለውን ይግዙ፤ የነፋውን ሰው ፎቶ ያነሳል። ሞተሩ መንገድ ላይ በራሱ ከጠፋ ደግሞ ብዙዎቹ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይነፋ እንዲነሳ ይፈቅዳሉ፤ ኩርባ ላይ ቆሞ የሚነፋ ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ ሁለት ባጃጅ አከራያለሁ። ለባጃጅ ይሆናል? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አንመክርም። እጀታ ተስቦ የሚነሳ ባጃጅ ላይ ሞተሪኖ መቁረጥ ከንቱ ነው፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን መስመር መቁረጥ ደግሞ ሪሌው በላላ ቁጥር ባጃጁን በአስፋልት መሐል ያቆመዋል። መሣሪያውም ዝናብና አቧራ ላይ ተጋልጦ ይውላል። በምትኩ በፊውል ሴል የሚሠራ የእጅ መመርመሪያ ይግዙ፤ ቁልፉ ማታ ከገቢው ጋር ወደ እርስዎ ይመለስ፣ ጠዋት ነፍቶ ዜሮ ያሳየ ይውሰድ። መመርመሪያውን ቢያንስ በዓመት አንዴ ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጫት ይቅማል፤ ለጨብሲ ደግሞ ይጠጣል። መሣሪያው ከተገጠመ ወዲህ በመንገድ ቀን መጠጡን ይተዋል፤ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍም የለውም። አሠሪው በስድስት ወር ይነቀላል ብሏል። — ከደሴ

መልስ፦ እኅታችን፣ የጻፉልን የመጠጥ ማቆም ምልክት ነው፤ ሐኪም ይፈልጋል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡ እንደሚጥል በሽታ ወደ መጣል ሊያድግ ይችላል፤ መሪ ላይ ደግሞ አደገኛ ነው። ትንፋሹ ዜሮ ስለሆነ መሣሪያው ያሳልፈዋል። ምርቃናውንም፣ ምርቃናው ሲለቀው የሚመጣውን እንቅልፍም አያይም፤ የሚያውቀው አልኮልን ብቻ ነው። እስኪታከም አይንዳ። የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ለመንቀጥቀጡ መድኃኒት አለው።

ለአሠሪው ደግሞ ይህንን ያሳዩት። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች መሣሪያው የሚነቀለው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ወራት መዝገብ ንጹሕ ከሆነ ነው፤ አንዲት ጥፋት ከተገኘች ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። በስዊድን ለተደጋጋሚ አጥፊ ሁለት ዓመት ነው። ስድስት ወር የሚለውን “ተከታታይ ስድስት ንጹሕ ወር” ብሎ ቢያሻሽለው፣ መዝገቡንም በየሳምንቱ አንብቦ ጠዋት ከ11 እስከ 1 ሰዓት ያሉትን መቆለፎች ቢቆጥር፣ ባለቤትዎ እየዳነ ይሁን እየተደበቀ ያያል። የጠዋት መቆለፍ የሚደጋገምበት ሹፌር የሚያስፈልገው ከቅጣት በፊት ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ አንዱን መንፊያ ሦስት ሹፌር ይጠቀምበታል። አስም ያለበት ደግሞ እስከ መጨረሻው መንፋት ያቅተዋል። — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ለእያንዳንዱ የራሱ መንፊያ ይኑረው፤ ስሙ ተጽፎበት በላስቲክ ይቀመጥ። በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ታጥቦ፣ ተራግፎ ይድረቅ፤ አልኮል ባለው ነገር አይጠረግ። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር አየር ይፈልጋል፤ ደረት ሞልቶ ሳይቸኩሉ ለአምስት ሰከንድ ያህል በአንድ ኃይል መንፋት ነው፤ ብዙው ሰው የሚወድቀው መጀመሪያ ላይ በኃይል ነፍቶ መሐል ላይ ስለሚያልቅበት ነው። ለአስም በሽተኛው በሐኪም ማስረጃ የሚፈለገው የአየር መጠን ዝቅ ተደርጎ ሊስተካከል ይችላል። የሚነፋ መድኃኒት ከወሰደ ተጉመጥምጦ 15 ደቂቃ ይቆይ።